ስለ ካህኑ ቤትና ስለ ተቈጠረው ቀን

ቀን መቍጠር ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ ሥራ አይደለም። ጾሙም በዓሉም፥ ስግደቱም ማኅሌቱም በቍጥር የተያዘ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ወንበርና አበቅቴ፥ መጥቅዕና መባጃ ሐመር የሚባሉትን እንደ ዘመዶቹ ስም ያውቃቸዋል። ይህን ቍጥር ያቀናው የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው፤ መታሰቢያውም ጥቅምት 12 ቀን ይውላል። መምህራን ስለዚህ አባት ሲናገሩ ሁለት ነገር ያያይዛሉ፤ አንዱ ባሕረ ሐሳብን መድረሱ፥ ሁለተኛውም ባለ ትዳር ሳለ ለመንበር መመረጡ ነው። ሕዝቡ በሚስቱ ምክንያት ባንጐራጐረ ጊዜ እርሷን ሰድዶ ራሱን አላጠራም፤ በጉባኤው መካከል አቆማት እንጂ። እሳቱም ልብሷን ሳያቃጥል በመታየቱ የሁለቱ ንጽሕና ተገለጠ። እንግዲህ የቍጥር አባት የተባለው ሰው የቤት ራስም እንደ ነበረ ማስተዋል ይገባል።

በዛሬው ዘመን ግን በባሕረ ሐሳብ የማይገኝ ሌላ ቀን በካህናት ቤት ይቈጠራል። ይኸውም በባዕድ አገር የመኖሪያ ፈቃድ የሚያልቅበት ቀን ነው። ቀኑ በደረሰ ጊዜ አባት በባሕሩ ወዲህ፥ ልጅ በባሕሩ ወዲያ ሊቀር ይችላል። ይህ መከራ በብዙ አገርና በብዙ ዓይነት ሠራተኛ ላይ ይደርሳል፤ ነገር ግን በአሜሪካ በሚያገለግሉ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ላይ የሚደርሰው ለአንባቢው ቅርብ ስለ ሆነ ነገሩን ከዚያ መጀመር ይሻላል። ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

የቀደሙት ሰዎች እንግዳ አባት ሲቀበሉ የመመለሻውን ቀን አይጽፉም ነበር። ከቅዱስ ፍሬምናጦስ ጀምሮ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ሆነው እስከ ተሾሙ ድረስ፥ ይኸውም ከ1600 ዓመት በላይ፥ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳሷን ከእስክንድርያ መንበር ስታገኝ ኖራለች። የመጣውም አባት አብዛኛውን ጊዜ በመጣበት ምድር አርጅቶ በዚያው ያርፍ ነበር። ይሁን እንጂ እነዚያ አባቶች መነኮሳት ነበሩ፤ ከኋላ የሚጠራቸው ሚስትና ልጅ አልነበራቸውም። ዛሬ ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ቄስ ግን ብዙ ጊዜ ከክህነቱ አስቀድሞ በቍርባን ያገባ ነው። የሚጠራው አንድ ሰው ቢሆንም የሚሄደው አንድ ቤት ነው።

የአሜሪካ ሕግ ለሃይማኖት አገልጋዮች የተለየ በር አለው። በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የቆመ ሲሆን ፈቃዱ አር ዋን ይባላል። የሚያመለክተው ካህኑ ሳይሆን የሚቀበለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ካህኑ ቢያንስ ሁለት ዓመት በዚያ ሃይማኖት አባልነት መኖሩ፥ ቤተ ክርስቲያኑም በግብር ሕግ የታወቀና ካህኑን ለማኖር የሚችል መሆኑ ይመረመራል። ፈቃዱ መጀመሪያ እስከ 30 ወር፥ ኋላም ሌላ 30 ወር ይሰጣል፤ ድምሩ 5 ዓመት ነው። ለሚስቱና 21 ዓመት ላልሞላቸው ላላገቡ ልጆቹ ደግሞ አር ቱ የሚባል አለ። በዚህ ፈቃድ ልጆቹ ይማራሉ፤ ሚስቲቱ ግን ሠርታ ደመወዝ መቀበል አይፈቀድላትም። ካህኑም ካመለከተለት ቤተ ክርስቲያን በቀር ሌላ ሥራ መያዝ አይችልም። የሚስትና የልጆች ፈቃድ የራሱ ሥር የለውም፤ እንደ ሐረግ በካህኑ ፈቃድ ላይ ተጠምጥሞ ይኖራል፤ ግንዱ በወደቀ ጊዜም አብሮ ይወድቃል።

ብዙ ሰው በዚህ ነገር ሁለቱን ወረቀት ይቀላቅላል። ቪዛው የደጁ ፈቃድ ነው፤ በመግቢያው ላይ የሚሰጠው የመቆያ ቀን ግን የማደሪያው ፈቃድ ነው። የደጁ ፈቃድ አልቆ የማደሪያው ገና ሊቀር ይችላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ በአገሩ አባት የሞተበት ካህን ለቀብር ቢወጣ ለመመለስ እንደ ገና በቆንስሉ ደጅ መቆም አለበት። ስለዚህ የአባቱን ተዝካር በባዕድ አገር ያወጣ ካህን ብዙ ነው።

እንግዲህ አንድ ቄስ ነበሩ። በጎጃም ቅኔ ተቀኝተው፥ አቋቋምም ተምረው፥ በአዲስ አበባ በአንድ ደብር ሲያገለግሉ ሳሉ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደምትገኝ ከተማ ተጠሩ። ከባለቤታቸውና ከ7 ዓመት ሴት ልጃቸው ጋር ሰኔ 21 ቀን 2011 ዓ.ም. ገቡ፤ ዕለቱም የእመቤታችን ቅዳሴ ቤት የሚታሰብበት ስለ ነበር ምእመናኑ መልካም ምልክት ነው ብለው ደስ አላቸው። ደስታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ቤተ ክርስቲያን አንድ አረጋዊ ቄስ ብቻ ነበሩ፤ ለቅዳሴ ደግሞ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። አምስቱ ልዑካን ካልተሟሉ መንበሩ አይቀደስበትም። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሌላ ከተማ እንግዳ ቄስ ሲመጣ ይቀደስ፥ ሳይመጣ ሲቀር በኪዳንና በስብከት ይታለፍ ነበር። እኒህ ቄስ ከመጡ በኋላ ግን ሰንበት ያለ ቅዳሴ አላለፈችም።

በ2013 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ በ40 ቀኑም ተጠመቀ። በ1868 በጸደቀው በአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ መሠረት ሕፃኑ የዚያ አገር ዜጋ ሆነ። ከዚህ በኋላ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተለያየ ወረቀት ያላቸው ሰዎች ተቀመጡ፤ አባት በቤተ ክርስቲያኑ ማመልከቻ፥ እናትና ሴት ልጅ በአባት ፈቃድ፥ ሕፃኑ ግን ያለ ማንም ፈቃድ። መቍጠር የማያውቀው እርሱ ብቻ ቀን አልተቈጠረበትም። ነገር ግን ዜግነቱ ለእርሱ እንጂ ለወላጆቹ አይበቃም፤ ልጅ ለአባትና ለእናቱ ማመልከት የሚችለው 21 ዓመት ሲሞላው ነውና።

ከአምስቱ ዓመት መውጫ ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ቤተ ክርስቲያኑ ለካህኑ ቋሚ መኖሪያ እንዲሰጠው ማመልከቱ ነው። ቄሱም በመጡ በሁለተኛው ዓመት የሰበካ ጉባኤውን ሊቀ መንበር ጠየቋቸው።

«ልጄ፥ የቋሚው ማመልከቻ መቼ ይገባል?»

«አባታችን፥ አይጨነቁ፤ ጊዜው ገና ነው። መጀመሪያ ሕንፃው ይገዛ፤ ከዚያ የእርስዎ ነገር ይደርሳል» አሏቸው።

ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። የሰበካው ሰዎች ሁሉ ቀን ታክሲ ሲነዱ፥ ሆስፒታል ሲያገለግሉ ውለው ማታ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰበሰቡ ደካሞች ነበሩ። የሚቀደስበት አዳራሽ የሌላ ወገን ሆኖ በኪራይ ስለ ተያዘ፥ ታቦቱ የራሱ ቤት እንዲኖረው መድከማቸው የሚመሰገን ነው። ቄሱም ስለ ራሳቸው ደጋግመው መናገርን አፈሩ። ካህን ስለ ደመወዙና ስለ ወረቀቱ ቢናገር ሰው ገንዘብ ወዳድ ይለዋልና። እንዲህ ሆኖ በአንዱ ሥራ፥ በሌላውም ዕፍረት ምክንያት ማመልከቻው የገባው በ2022 መጨረሻ ነበር።

ለዚህ ወገን በዓመት የሚመደበው ቋሚ መኖሪያ ለሠራተኞች ከሚሰጠው 140,000 ውስጥ 7.1 ከመቶ፥ ወደ 10,000 ገደማ ነው። ከዚህም የሚካፈሉት ካህናት ብቻ አይደሉም፤ ወላጆቻቸው የተዉአቸው ወይም የበደሏቸው ስደተኞች ሕፃናትና ሌሎችም አሉበት። ከኤልሳልቫዶር፥ ከጓቴማላና ከሆንዱራስ የመጡት ቀድሞ በተለየ ተራ ይጠብቁ ነበር። በመጋቢት ወር 2023 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቆጣጠሩን ለውጦ ሁሉንም በአንድ ተራ አሰለፋቸው። ሕፃናቱ ምንም በደል የለባቸውም፤ እነርሱም መጠጊያ የሚፈልጉ ናቸው። ነገር ግን ቀድሞ ሳይጠብቅ ያልፍ የነበረው የካህናት ተራ በሚያዝያ ወር ወደ 2018 ወደ ኋላ ተመለሰ። በ2025ም የዓመቱ ድርሻ በየካቲት መጨረሻ ፈጽሞ አልቆ፥ እስከ አዲሱ የበጀት ዓመት ድረስ በሩ ተዘጋ። በ2020 ያመለከተ ቤተ ክርስቲያን ካህኑን ለማስቀረት ጊዜ ነበረው፤ በ2022 መጨረሻ ያመለከተው ግን ደጁ ሲዘጋ ከውጭ ቆሞ ቀረ።

መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ቄሱ እንደ ሥርዓቱ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ለሕዝቡ አወጁ። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ፥ ወንበሩ 10፥ አበቅቴው 20፥ መጥቅዑ 10፥ መባጃ ሐመሩም 18 ነበር። ነነዌ የካቲት 18 ቀን፥ ዐቢይ ጾም መጋቢት 2 ቀን፥ ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ቀን፥ ጰራቅሊጦስም ሰኔ 16 ቀን እንደሚውል ተናገሩ። የራሳቸውን ቀን ግን አላወጁም። ማታ በቤታቸው ሴት ልጃቸው አባቷ የጻፉትን ወረቀት አንሥታ በጣቷ ስትቈጥር ቈየችና፥ «አባዬ፥ ከጰራቅሊጦስ በኋላ የሚቀረን አራት ቀን ነው» አለቻቸው። የ12 ዓመት ልጅ ናት። ማንም አልነገራትም፤ ባሕረ ሐሳቡን ያስተማሯት ራሳቸው ነበሩ።

ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ ምክር በዛ። አንዱ ወዳጅ ዝም ብለው እንዲቀመጡ መከራቸው፤ ማን ይፈልግዎታል አላቸው። ይህ ምክር ቤት አፍራሽ ነው። በ1996 በወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ ከ180 ቀን በላይ ቈይቶ የወጣ ሰው 3 ዓመት፥ ከአንድ ዓመት በላይ የቈየ 10 ዓመት እንዳይመለስ ይከለከላል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠም ካህን መቅደስ ሲገባ እንደ ተሸሸገ ሰው ይሆናል። ሌላው ደግሞ ቄሱ ብቻቸውን ወጥተው ሕጉ የሚጠይቀውን አንድ ዓመት በውጭ ፈጽመው እንዲመለሱ፥ እናትና ልጆች ግን በዚያው እንዲቈዩ ተናገረ፤ የእነርሱ ፈቃድ ከቄሱ ጋር እንደሚሞት አላወቀም። የሕፃኑ የክርስትና እናት ግን የመከሩት ከፍቅር ነበር። «ልጆቹን ለእኔ ይተዉልኝ፤ ትምህርታቸው አይቋረጥ፤ እንደ ወለድኋቸው አድርጌ አሳድጋቸዋለሁ» ብለው አለቀሱ። ከምክሩ ሁሉ ለመቃወም የሚከብደው ይህ ነበር። ለሕፃኑ ሕግ አይከለክለውም፤ ለልጅቱም ሌላ መንገድ ይፈለግ ነበርና።

በዚያች ሌሊት በቤቱ ውስጥ የተነገረው ብዙ አይደለም። ባለቤታቸው፥ «እርስዎን ያገባሁት በቍርባን ነው፤ ቍርባኑ ላይ የማለቂያ ቀን አልተጻፈበትም። ልጄ ትምህርቷን ከዓመት በኋላ ታገኘዋለች፤ አባትና እናቷን ግን እንደ ዛሬው ሆነው አታገኛቸውም» አሉ። ቄሱም አልተከራከሩም። የሐዋርያት ቀኖና ካህን በሃይማኖት ምክንያት እንኳ ሚስቱን እንዳይተው ያዝዛል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ባልና ሚስት በፈቃዳቸው፥ ለጸሎት ብለው፥ ለጥቂት ጊዜ ካልሆነ በቀር እንዳይለያዩ ጽፏል። ወረቀት ያመጣው መለየት ከዚህ አይቈጠርም፤ ከፈቃድ የመጣ አይደለምና፥ ለጸሎትም አይደለምና።

በየዓመቱ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን በማኅሌተ ጽጌ የሚታሰበውን ስደት ያስተዋለ ሰው የዚህችን ሴት ቃል ምሥጢር ያገኘዋል። እመቤታችን ከልጇ ጋር በግብፅ የተሰደደችው 3 ዓመት ከ6 ወር ነው። ረኀብና ጥም፥ ሽፍታና የደጅ ጥናት ነበረበት፤ ቤቱ ግን አልተከፈለም። እናት፥ ሕፃን፥ አረጋዊው ዮሴፍና ሰሎሜ አብረው ሄዱ፥ አብረውም ተመለሱ። መልአኩ ዮሴፍን ሲያሰድደውም ሲመልሰውም ሕፃኑንና እናቱን ይዞ እንዲነሣ እንጂ ብቻውን እንዲሄድ አላዘዘውም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ መሰደድ የሚታገሡት መከራ ሲሆን በስደት መካከል መከፈል ግን ሌላ ሁለተኛ መከራ ነው፥ ሰውም በተቻለው ሁሉ ሊሸሸው ይገባል።

በጰራቅሊጦስ ዕለት፥ ሰኔ 16 ቀን፥ ቄሱ በማኅሌቱ ፍጻሜ ቅኔ አቀረቡ። ሰሙ የንጉሥ ሕዝቅያስ ታሪክ ነበር፤ ሞት ተነግሮት ባለቀሰ ጊዜ 15 ዓመት ተጨመረለት፥ ለምልክትም ጥላው 10 ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሰለት። ወርቁ ግን የእርሳቸው ነገር ነበር፤ ለሕዝቅያስ ወደ ኋላ መመለስ ዕድሜ ሲሆነው ለእርሳቸው የተራው ወደ ኋላ መመለስ ስንብት ሆነባቸው። ቅኔ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ ሰምተው አንገታቸውን ደፉ፤ ሌላው ሕዝብ እንደ ልማዱ አጨበጨበ። ሰኔ 19 ቀን አራቱም አብረው ወጡ። አምስቱ ዓመት የሚፈጸምበት ሰኔ 20 ቀን የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሕንጸት የሚታሰብበት ዕለት ነው።

በዚያው ዓመት ምእመናኑ የደከሙለትን ሕንፃ ገዙ። ጣራው ታደሰ፥ መጋረጃው ተሰቀለ፥ መንበሩም ቆመ። ነገር ግን የቀሩት አንድ አረጋዊ ቄስ ስለ ነበሩ አምስቱ ልዑካን ጐደሉ፤ አዲሱ ቤተ መቅደስም ብዙ ሰንበት በኪዳንና በስብከት ብቻ ተዘጋ። ክርስትና የደረሰለትን ሕፃን ወላጆቹ በመኪና ወደ ሌላ ከተማ ይዘውት ይሄዱ ጀመር። ድንጋዩ ቤት አግኝቶ ካህኑ ቤት አጣ፤ ካህኑም ቤት በማጣቱ ድንጋዩ ቅዳሴ አጣ።

በአዲስ አበባም ሌላ ነገር ተገለጠ። የቄሱ ወንድ ልጅ የገባው በአሜሪካ ፓስፖርት ስለ ነበር በእናትና በአባቱ አገር ቀን ያለው ማኅተም ተመታበት። በዚያ ማንም ያልቈጠረበት ሕፃን በዚህ የሚቈጠርበት ሆነ። እኅቱም ይህን አይታ፥ «አሁን ደግሞ የአንተን ቀን እኛ እንቈጥርልሃለን» አለችው ይባላል። በቤቱ ሁሉ ያን ቀን የተሳቀው በዚህ ነው።

በጥር ወር 2026 የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አምስት ዓመት የፈጸመ የሃይማኖት አገልጋይ አንድ ዓመት በውጭ እንዲቈይ የሚያስገድደውን ደንብ አነሣ። የአምስቱ ዓመት ወሰን ግን አልተነሣም፤ ካህኑ መውጣት፥ አዲስ ማመልከቻና አዲስ ቪዛ ማግኘት ያስፈልገዋል። ደንቡ ቀሊል መሆኑ ለብዙ ቤት ምሕረት ነው። ለእኒህ ቄስ ግን ዓመቱን ከፈጸሙ በኋላ የመጣ ስለ ሆነ ከሐዘን የተቀላቀለ ደስታ ሆነባቸው። «ከኋላዬ የሚመጡት አይለያዩ እንጂ» ብለው እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

እንግዲህ ከዚህ ነገር ለሰበካ ጉባኤያት የሚተርፍ ምክር አለ። የሕግ መክበድ የሕግ ነው፤ የተራ መርዘምም ከሰበካ እጅ ውጭ ነው። ነገር ግን አምስት ዓመት የሚያልቅበት ቀን ካህኑ በገባበት ቀን የታወቀ ነበር፤ ከቶ ድንገት አልመጣም። ስለዚህ ካህን የተቀበለ ቤተ ክርስቲያን በገባበት ሳምንት ሦስት ቀን ይጻፍ፤ የ30 ወሩን፥ የአምስት ዓመቱንና የቋሚውን ማመልከቻ ቀን። ይህም በጸሐፊው መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ አጽዋማቱ ሲታወጁ በሰበካው ጉባኤ ፊት ይነበብ። ደመወዙም በአንድ ሰው ራስ ሳይሆን በቤቱ ቍጥር ይታሰብ፤ ሚስቲቱ ሠርታ እንዳትረዳው ሕግ ይከለክላታልና። ምክርም ከቡና ወሬ አይወሰድ፤ የተፈቀደለት ጠበቃ ይጠየቅ። ካህኑም ስለ ቤቱ መናገርን አይፈር፤ ስለ ቤቱ ዝም ያለ ካህን ስለ መቅደሱም ዝም ማለቱ ነው። በአገር ያሉ አህጉረ ስብከትም የክህነትና የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ሲጠየቁ ሳይዘገዩ ይስጡ፤ እዚህ አንድ ወር የዘገየ ደብዳቤ እዚያ አንድ ዓመት ያስጠብቃልና።

የቅዱስ ድሜጥሮስን ቍጥር ተቀብላ ነነዌንና ትንሣኤን አንድ ቀን ሳታዛንፍ የኖረች ቤተ ክርስቲያን የካህኗን ቀን መቍጠር አይሳናትም። የሚጐድለው ዕውቀት አይደለም፤ ቀኑ የካህኑ ብቻ ነው ብሎ መተዉ ነው እንጂ። ቀኑ የካህኑ፥ የሚስቱ፥ የልጆቹ፥ የአምስቱ ልዑካን፥ የሚጠመቀውም ሕፃን ቀን ነው። ዘመናትን የሚያፈራርቅ አምላክ በየአገሩ የተበተኑትን ቤቶች አንድነታቸውን ይጠብቅ፤ ለሚቀበሏቸውም አስቀድሞ የሚያስብ ልቡና ይስጥ፤ አሜን።